የእቴ ስንዱ ቀለህ

ባለፈው ጥቅምት ለለቅሶ ወደ ደባርቅ ስሄድ፣ ዳባት ላይ አንድ ሽማግሌ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ከካፖርታቸው ኪስ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ አወጡና ክዳኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ከፍተው በሁለት ጣት ቆነጠሩ፤ ወደ አፍንጫቸው ሰደዱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከፊታችን የተቀመጠች ወጣት ዞር ብላ አይታ መስኮቱን በኃይል ከፈተችው።

«ኧረ በማርያም! እዚህ እኮ ሰው አለ» አለች።

ሽማግሌው አፈሩ። ቆርቆሮውን ሊደብቁ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩት።

«አባቴ፣ እስቲ ወዲህ ያቅርቡት።»

«ሴት ልጅ ትወስጃለሽ እንዴ?»

«አልወስድም። አሸታለሁ።»

ሳቁና አቀረቡልኝ። አመድ አመድ፣ ደረቅ ቅጠል ደረቅ ቅጠል የሚል፣ ከውስጡ ደግሞ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ ሽታ ነው። ሱረት፣ በአፍንጫ የሚሳበው የትምባሆ ዱቄት። ልጅቷ በግልምጫ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ስለ ሱረት በደግ ማውራት በእኛ አገር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ያነወረ ያንውር፤ እኔ ያሳደገችኝን ሴት በዚህ ሽታ ነው የማውቃት፤ ስለ እሷ ለማውራትም የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

እቴ ስንዱ የአባቴ አክስት ናት። እቴ የምላት አባቴ እንዲያ ብሎ ስለሚጠራት ነበር። ወላጆቼ አምባራስ ናቸው፤ እዚያ የነበረው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ አምስተኛ ክፍል ስገባ ደባርቅ እሷ ዘንድ አስቀመጡኝ። ዘመኑ የደርግ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ስብሰባ ይጠራል፣ በየጥጉ ጥበቃ ይቆማል፣ ሰው ጎረቤቱን ሰላም ከማለቱ በፊት ግራ ቀኙን ያያል። እቴ ግን ግራ ቀኝ አይታ አታውቅም። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ድምፅዋ ከአጥር አልፎ የሚሰማ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። የበግ ጠጉር እየፈተለች ለባና ሠሪዎች ታስረክብ ነበርና ቤቷ ሁልጊዜ የጠጉር ብናኝ አያጣውም።

ይህ ብናኝ ጠቅሟታል። እቴ ስታስነጥስ ጎረቤት ይሰማል፤ ጎረቤት ሲጠይቃት «ጠጉሩ ነው» ትላለች። ጠጉር በማትፈትልበት ጊዜ ደግሞ «ብርዱ ነው» ትላለች፤ የደባርቅን ብርድ ማን ሊክደው ይችላል? እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በየጠዋቱ ጓዳ ስትገባ እኔ የጓዳው ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ ደብተሬን እዘረጋለሁ፤ ሰው ከመጣ ጮክ ብዬ ማንበብ ነው ሥራዬ። እሷ ከመደቡ ላይ ቆርበቱን ገለጥ አድርጋ ቀለሁን ታወጣለች።

ቀለሁ የረጅም ጠመንጃ ጥይት ቀለህ ነው፤ በእጅ ብዛት ነሐሱ ወርቅ መስሏል። አፉ ላይ ከወይራ እንጨት የተጠረበ ውታፍ አለው። ባሏ እሷን ያገባ ዕለት የተኮሳት ጥይት ናት፤ ውታፏንም የጠረበው ራሱ ነው። እቴ ውታፉን በጥርሷ ነቅላ፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ጥቂት አራግፋ ትወስዳለች። ከዚያ ሦስት ጊዜ ታስነጥሳለች። እኔ ሦስት ጊዜ «ይማርሽ» እላለሁ፤ እሷ ሦስት ጊዜ «ያኑርሽ» ትለኛለች።

እኔ ታዲያ ዱቄቱ ባሩድ መስሎኝ ነበር። ቀለህ ውስጥ ከባሩድ በቀር ምን ይገባል? እቴ ስንዱ ሰው የማትፈራው በየጠዋቱ ባሩድ ስለምትስብ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ማስነጠሷንም እንደ ተኩስ ነው የምቆጥረው። አንድ ቀን ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ ልትወስድ ስትል ፈንድታ እንዳትነድ ፈርቼ ልብሷን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት።

ባሩድ አለመሆኑን ያወቅሁት ተልኬ ስገዛው ነው። በገበያ ቀን አያ ሰይድ ዘንድ ትልከኛለች። አያ ሰይድ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ እስላም ነጋዴ ናቸው፤ ሱረቱን ሱቃቸው ጓሮ በድንጋይ ፈጭተው፣ ከአመድ ቀይጠው፣ በሻሽ ይነፉታል። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሽማግሎች ይቀመጡና እያንዳንዳቸው ዕቃቸውን ያወጣሉ። አንዱ የፍየል ቀንድ፣ አንዱ የቀርከሃ ቁራጭ፣ አንዱ ክዳኑ ላይ መስታወት የተለጠፈበት ቆርቆሮ። ሥርዓት አለው። ክዳን ሁለቴ ይመታል፤ መጀመሪያ በዕድሜ ለሚበልጠው ይቀርባል፤ የተቀበለውም ሳይዘጋ ነው የሚመልሰው። ዘግቶ የመለሰ ሰው ቂም አለው ማለት ነው፤ ሌሎቹ «ምን አስቀየመህ?» ብለው ይይዙታል። ሁለት ነጋዴዎች በአህያ ጭነት ተጣልተው በዚያ ክዳን ሲታረቁ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ጨዋ ነገር ለምን በጓዳ እንደሚወሰድ አልገባኝም ነበር።

«ለማን ነው ልጄ?» ይሉኛል አያ ሰይድ፣ የምስጢር ቋንቋችን ነውና።

«ለበጎቹ መድኃኒት።»

«በጎቹ ይማራቸው» ብለው ጠቅልለው ይሰጡኛል።

እቴ ሱረት የለመደችው ሑመራ ነው። ከባሏ ጋር ሰሊጥ ሊሠሩ ወርደው፣ ሙቀቱና አቧራው ራሷን ሲፈልጣት አንዲት እስላም ጎረቤቷ በጣቷ ቆንጥራ ሰጠቻት፤ ራስ ምታቷ ለቀቃት፣ ሱረቱ ግን አልለቀቃትም። ደባርቅ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትምባሆ ከመናፍቅ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ይባላል። የሚያጨስም ሆነ የሚያሸት ክርስቲያን ከሃይማኖቱ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው። ለዚህ ነው ለንስሐ አባቷም ነግራቸው የማታውቀው። እኔም በልጅ አእምሮዬ ነገሩን እንዲህ ፈታሁት፦ ቄሱ ያላወቁትን ኃጢአት ሊፈቱላት አይችሉም፤ ስለዚህ እኔን ደፍ ላይ አስቀምጣ ሦስቴ «ይማርሽ» ታስብለኛለች። ኃጢአቱም ይቅርታውም እዚያው ጓዳ ውስጥ ያልቃል። እንዲያውም ትልቅ ሹመት የተሾምኩ መስሎኝ ቃሉን እንደ ቄስ ረጋ ብዬ ነበር የምለው።

ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ማኅበሯን ነው። የማርያም ጽዋ ማኅበር አለቻቸው፤ ሴቶች ናቸው፣ በየወሩ በሃያ አንድ በተራ ይደግሳሉ። ጽዋው በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በድግሱ ቀን ቄሱ ይባርካሉ፣ ደጋሿ ቀድማ ትጠጣለች፣ ከዚያ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። ሁሉም ከጠጡ በኋላ ተረኛዋ ከደጋሿ እጅ ተቀብላ ይዛው ትሄዳለች። ስትታመሚ የሚያስታምምሽ፣ ስትሞቺ የሚቀብርሽ፣ ተዝካርሽን የሚያወጣልሽ ማኅበሩ ነው። እቴ ልጅ የላትም። «ብሞት የሚያለቅሱልኝ እነዚያ ናቸው» ትለኝ ነበር። ሱረት መውሰዷን ቢያውቁ ከአፏ ተቀብላ ጽዋ የምትጠጣ ሴት እንደማትኖር ታውቃለች።

ሚያዝያ ላይ ፍተሻ መጣ። ጫካ የገቡ ሰዎች ከተማው ውስጥ መሣሪያ ደብቀዋል ተብሎ ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ ተከበበ። የእኛ ቤት የመጡት ሁለት ጥበቃዎች ናቸው። አንዱ የጠጉሩን ጆንያ ሲበትን ሌላው ቆርበቱን ገለጠ።

«እናት፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቀለህ ነው። ዓይን የለህም?»

«ውስጡስ?»

እቴ ጎንበስ ብላ የተበተነውን ጠጉር መሰብሰብ ጀመረች።  ልጁ ቀለሁን ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው፤ ውስጡ ሸከሸከ። ፊቱ ተለዋወጠና ክንዱን ዘርግቶ ከሰውነቱ አርቆ ያዘው፤ እንዲያ እንደያዘ ወጣ። እቴ ከሰዓት በኋላ ለሕዝብ ስብሰባ እንድትቀርብ ተነገራት። በዚያ ዓመት ለጥያቄ ወደ ጎንደር የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ የዘወትር ቀሚሷን ትታ የክት ቀሚሷን ለበሰች። እኔን ቤት ተቀመጪ አለችኝ። ተከትያት ሄድኩ።

የቀበሌው አዳራሽ ድሮ የእህል ጎተራ ነበር፤ ያኔም የገብስ ሽታ አልለቀቀውም። የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ከመካከላቸው እሜት ላቀች። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃቸው፣ እሷ ናት፤ ቄሱ ያላወቁትን ጾም የምታውቅ፣ በሰው ቤት ጠላ ስትቀምስ እንኳ የምትመረምር ሴት። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ ቀለሁን በመሐረብ ይዞ አነሣው። ከጎኑ ከጎንደር የመጣ ወጣት ካድሬ አለ።

«ጓዶች! ጠላት በየጓዳችን ተሸሽጓል!» አለ ሊቀመንበሩ። «ቀለህ ካለ ጥይት ነበረ። ጥይት ከነበረ ጠመንጃ አለ። ስንዱ፣ ጠመንጃው የት ነው?»

«ጠመንጃው?» አለች እቴ። «ያውልህ በሩ ላይ ቆሟል።»

ሰው ሁሉ ዞረ። በሩ ላይ ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል።

«ባሌ የሞተ ጊዜ አስረክቡ ስትሉ ራሴ ተሸክሜ አምጥቼ የሰጠኋችሁ እሱ ነው። ማንገቻው ተበጥሶ በቀይ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ገልብጠህ አሳያቸው፣ አንተ ልጅ።»

ልጁ ሳያስበው ማንገቻውን ገለበጠ። ቀዩ ክር ታየ። ከኋላ አንድ ሰው ፍርስ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ፊት መጣ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ዝም በሉ! እሺ፣ ጠመንጃው ይቅር። ውስጡ ያለውስ? በእንጨት የተወተፈው ለምንድን ነው? ፈንጂ ካልሆነ ምንድን ነው? አሁን ተናገሪ፤ አለዚያ ለጎንደር ትናገሪያለሽ።»

እቴ ሴቶቹን አየቻቸው። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ውሸት መናገር ትችል ነበር፤ በርበሬ ነው፣ መድኃኒት ነው ማለት ትችል ነበር። ግን ሊቀመንበሩ ይከፍተዋል፣ ሽታውንም ማንም ያውቀዋል። እኔ በበኩሌ ሑመራም ጽዋም ትዝ አላለኝም፤ ምን እንደምትል እጠብቅ ነበር።

«አምጣው» አለችው።

«ምን?»

«አምጣው አልኩህ። እከፍተዋለሁ።»

ሄዳ ከእጁ ወሰደችው። ውታፉን በጥርሷ ስትነቅለው ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ በርከክ አለ፣ ካድሬው ራሱን ያዘ። እቴ በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አራገፈች፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ሳበችው፤ ከዚያ አዳራሹን ያናወጠ ማስነጠስ አስነጠሰች። ይማርሽ ያላት ሰው የለም። ያን ያህል ሰው ተቀምጦ አንድ እንኳ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«ይማርሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ያኑርሽ፣ ልጄ» አለችና ወደ ሰዉ ዞረች። «ሱረት ነው። ከሑመራ ጀምሬ እወስዳለሁ። ሱረት የሚያሳስር ከሆነ እሰሩኝ፤ ፈንጂ ያላችሁት ግን እናንተ ናችሁ።»

አልታሰረችም። ሳቁ ሊቀመንበሩን ስላሳፈረው ቶሎ ብሎ ሌላ አጀንዳ ከፈተ፤ ቀለሁን ግን የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ አስቀረው። ከአዳራሹ ስንወጣ እሜት ላቀች ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አለፈችን፤ ሌሎቹም እሷን አይተው እንዲሁ አደረጉ። 

በዚያው ወር የሃያ አንዱ ድግስ የእኛ ተራ ነበር። ጽዋው ቤታችን ነው። እቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ጠላውን ጠመቀች፣ ዳቦውን ደፋች፣ ባቄላውን ቀቀለች፣ ቤቱን በጨፌ ሣር አስጌጠች። ሰዓቱ ሲደርስ የመጣ አንድ ዲያቆን ብቻ ነበር።

«አባ ትምባሆ ባለበት ቤት ጸሎት አላደርስም ብለዋል» አለና እየሮጠ ተመለሰ።

እቴ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ ነው ያለቀሰችው፤ የምታፍርበትም አልመሰለኝም። እኔ ተናድጄ የእሜት ላቀችን መስኮት በድንጋይ ልስበር ብዬ ተነሣሁ። በቀሚሴ ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ተይ። ማርያም እንግዳ አታጣም። ውጪና ያገኘሽውን ጥሪ።»

ጉም የልማሊሞን ቁልቁለት ዘግቶት መኪኖች ከተማው ዳር ቆመው ነበር። ሾፌሮችን፣ ረዳቶችን፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ደግሞ ነዳያኑን ጠራሁ። ቤቱ ሞላ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ አመሰገኑ። ጽዋውን ግን እቴ ከሻሹ አላወጣችውም። ጽዋው የማኅበሩ ነው።

በማግስቱ እሜት ላቀች ሴት ልጇን ላከች።

«እማ ጽዋውን ላኪልኝ ብላለች።»

«ጽዋ ተልኮ አያውቅም በያት። ቤቴ ገብቶ፣ ከእኔ ጋር ጠጥቶ፣ ከእጄ የሚቀበል ይምጣ። ሥርዓቱ ያ ነው። ሥርዓት ወዳድ አይደለችም እንዴ?»

ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የገባቸው። ጽዋ ከሌለ ማኅበር የለም። አዲስ ጽዋ እንግዛ ያለች ነበረች፤ አባ ግን አንዱ ሳይሰበር ሌላ አልባርክም አሉ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ የእቴ ደጃፍ ግን የሞኝ አልነበረም። በሳምንቱ እሜት ላቀች ራሷ መጣች፤ መጣች እንጂ አልገባችም። ከአጥሩ ውጪ ቆማ ጠራቻት።

«ስንዱ! ስለ ማርያም ብለሽ አታሳፍሪን። ያን ነገር እሳት ውስጥ ጣይው፣ ንስሐ ግቢ፣ ቀኖናሽን ጨርሺ። ከዚያ እንመልስሻለን።»

«መቼ ወጣሁና ነው የምትመልሱኝ?»

«ከአፍሽ ተቀብሎ የሚጠጣ የለማ!»

«ላቀች» አለች እቴ፣ እንዝርቷን ሳታቆም። «አምና ተስቦ ይዞሽ ማን አስታመመሽ? በዚህ እጄ አይደለም ውኃ ያጠጣሁሽ? ያኔም እወስድ ነበር።»

«ያኔ አላወቅሁማ።»

«ማርያም ታውቅ ነበር። ጠጥተሽ ዳንሽ።»

እሜት ላቀች ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። እቴ በዚያ ቀን ደስ ያላት እንዳይመስላችሁ። ማታ ራት አልበላችም። «ብሞት ምን ያደርጉኝ ይሆን፣ ሙሉዬ?» አለችኝ። እኔ እቀብርሻለሁ አልኳት፤ ቃሌም ከልብ ነበር። እየሳቀች ጸጉሬን ዳበሰችኝ።

ካድሬው ደግሞ ሌላ አሳብ ይዞ መጣ። ቤታችን ገብቶ ተቀመጠ፤ ማኅበርተኞቹ ያልተቀመጡበት ወንበር ላይ።

«እናት፣ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው። ከኋላ ቀር ማኅበር ነፃ ወጡ ማለት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ጽዋውን ይዘው መጥተው ለሕዝቡ ይንገሩ። ከፈለጉም ይስበሩት። ያን ቀለህዎን ሊቀመንበሩ እንዲመልስልዎ አደርጋለሁ።»

እቴ ቀለሁን እንዴት እንደምትወደው አውቃለሁ። እጇ በየጠዋቱ ቆርበቱ ስር ገብቶ ባዶውን ይመለስ ነበር። ግን እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሣች።

«ሞቼ ነው ቆሜ? አንተ ልጅ፣ እኔ የተጣላሁት ከላቀች ጋር ነው። ከማርያም ጋር መቼ ተጣላሁ? ቀለሁን ለሊቀመንበርህ ተውለት፤ ሲያየው በርከክ ያለበት ትዝ ይለዋል።»

ወጥቶ ሲሄድ በሩን ያልዘጋው እሱ ነው፤ እሷም አልዘጋችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓዳ መግባት ቀረ። አያ ሰይድ ከጤና ጣቢያ የተጣለ የመርፌ ብልቃጥ አጥበው፣ ቆርኪውን በላስቲክ አስረው ላኩላት። እቴ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እየፈተለች፣ በመሃል ብልቃጡን አንሥታ ትወስዳለች። አላፊ አግዳሚው ያያል። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው አፍንጫውን ይዞ አለፈ፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጎረቤታችን ሳያስበው «ይማርሽ» ብሎ አለፈ፣ ትዝ ሲለው ደነገጠ። እቴ ተደስታ ሳቀች። እኔ ግን ሹመቴን የተነጠቅሁ ያህል ከፋኝ፤ ጎረቤቱን ለሁለት ቀን ሰላም አላልኩትም።

የሚቀጥለው ተራ የአለሚቱ ነበር። አለሚቱ በማኅበሩ ውስጥ ልጅ እግር ከሚባሉት ናት። የበኩር ልጇ ከገበያ ታፍሶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተወስዶ ነበር፤ ወሬው ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ፣ ሞቷል ተብሎ እርም ልታወጣ ስትል በሕይወት እንዳለ የሚናገር ሰው መጣላት። ለማርያም ተስላ ነበር፤ የተራዋ ቀን በሬ ጥላ ልትደግስ። አሁን በሬው ተገዝቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ጽዋ የለም።

በቀን መጣች። በጓሮ አልመጣችም፤ በዋናው መንገድ፣ ሴቶች ውኃ ቀድተው በሚመለሱበት ሰዓት፣ ነጠላዋን መስቀልያ ለብሳ ገባች። ደጃፉ ላይ ቆማ መንገደኞቹ እስኪያዩዋት የጠበቀች መሰለኝ።

«እሜት ስንዱ፣ ጽዋዬን ልቀበል መጣሁ።»

እቴ ጽዋውን ከሻሹ አወጣች፣ ጠላ ቀዳች፣ አማትባ ጠጣች። ከዚያ አቀረበችላት። አለሚቱ እጇ ትንሽ ቆም አለ። ፈርታ ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል። አማትባ ጠጣች፤ እስከ አተላው ጠጣችው።

«ማርያም ልጅሽን ታምጣልሽ» አለች እቴ።

«አሜን። አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እሜት። የድግሱ ዕለት ብልቃጡን ቤት ትተሽው ነይ።»

«ለማርያም ስል እተወዋለሁ። ድግሷ ላይ ይዤ አልገኝም። ለላቀች ስል ግን አልተውም፤ ንገሪያት።»

በሃያ አንድ እቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። እኔም አብሬያት ሄድኩ፤ ማን ከልካይ አለኝ? ስንገባ ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። አለሚቱ ብድግ ብላ ተቀበለችን። የእቴ ቦታ ድሮም ከእሜት ላቀች ጎን ነው፤ ሴቶቹ እንድትርቅ ብለው ከበሩ አጠገብ ክፍት ቦታ ትተውላት ነበር። እቴ ያን ክፍት ቦታ አላየሁም ብላ አልፋ፣ በሴቶቹ ጉልበት መካከል ተሻግራ፣ የራሷ ቦታ ዘንድ ቆመች። እዚያ የተቀመጠችው ሴት ተነሥታ ለቀቀችላት፤ ተቀመጠች።

አባ ባረኩ፤ ቀና ብለው አላዩንም። አለሚቱ ቀድማ ጠጣችና ጽዋው መዞር ጀመረ። አንዷ ለሌላዋ ስታቀብል ሁሉም የሚያዩት ጽዋውን ሳይሆን እቴን ነው። በማኅበር ሥርዓት ጽዋ ሲደርሳት ሳትጠጣ ያሳለፈች ሴት ማኅበሩን እንደተወች ትቆጠራለች። እሜት ላቀች ይህን ደጋግማ ለሌሎች ስታስተምር የኖረች ናት፤ አሁን ቀጥላ ያለችው ደግሞ እሷ ናት። እኔ ከእቴ ኋላ ቁጭ ብዬ ነጠላዋን ጨብጫለሁ።

ጽዋው እቴ ዘንድ ደረሰ። አማትባ ጠጣች፤ አልቸኮለችም። ከዚያ በሁለት እጇ ለእሜት ላቀች አቀረበችላት።

እሜት ላቀች ተቀበለች። ጽዋውን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው። አባን አየች፤ አባ መስቀላቸውን ይመለከታሉ። አለሚቱን አየች፤ አለሚቱ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ የጽዋውን ከንፈር ጠረገችው፤ ዙሪያውን፣ ደጋግማ፣ ሁላችን እያየናት። አማተበች። ዓይኗን ጨፍና ጠጣች።

እቴ ስንዱ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ያ ከአጥር አልፎ የሚሰማ ድምፅዋ ቤቱን ሞላው።

«ጠርገሽም ቢሆን ጠጥተሻል።»